ሥራው ላይ ጎበዝ ነኝ፤ ስለ ሥራዬ ስናገር ግን ምላሴ ይተሳሰራል

እንጨት ወዳጅ፦

ሰላም ለሁላችሁም። የእንጨት ሥራ ላይ ነኝ። ጠረጴዛ፣ ቁም ሳጥን፣ የመጽሐፍ መደርደሪያ እሠራለሁ። አነስተኛ ሥራ ናት፤ እኔና አንድ ረዳት ብቻ ነን። በእጄ ሥራ አላፍርም። አንዴ ያሠራ ሰው ተመልሶ ይመጣል፤ ዘመድ ወዳጁንም ይልክልኛል።

ችግሩ የማላውቀው ሰው ፊት ስቆም ነው። «ምን ትሠራለህ?» ሲሉኝ «ያው... የእንጨት ነገር፣ ትንንሽ ሥራዎች ምናምን» ብዬ አልፈዋለሁ። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ዋጋ ላይ ነው። ቁጥሩን ተናግሬ ሳልጨርስ ድምፄ ይወርዳል። ሰውየው ገና አፉን ሳይከፍት «ግን እንነጋገራለን፣ ችግር የለውም» እላለሁ። ማንም ያልጠየቀኝን ቅናሽ እኔው አቀርባለሁ ማለት ነው።

በሌላ በኩል ሥራቸው ከእኔ የማይሻል፣ ጤፍ የሚቆላ ምላስ ያላቸው ሰዎች ሥራውን ጠቅልለው ሲወስዱት አያለሁ። እንደነሱ መሆን አልፈልግም። ጉረኛ መባልን እፈራለሁ። ዝም ብዬም መቀጠል ግን አላዋጣኝም። ምን ትሉኛላችሁ? «በራስህ ተማመን» የሚለውን ብቻ ዝለሉት፤ እሱን ስንቴ ሰምቼዋለሁ፣ እንዴት እንደሚደረግ የነገረኝ ግን የለም።

የሽያጭ ልጅ፦

ወንድሜ፣ ሥራ የሚያውቅ ሞልቷል፤ ሥራውን አውጥቶ የሚሸጥ ነው የጠፋው። ሳይንሱም የሚለው ይህንኑ ነው። ሰው ከምትናገረው ቃል የሚወስደው 7 በመቶ ብቻ ነው። 38 በመቶው የድምፅህ ቃና፣ 55 በመቶው የሰውነትህ ሁኔታ ነው። ስለዚህ «ምን ልበል» እያልክ አትጨነቅ። ቀጥ ብለህ ቁም፣ ደረትህን ንፋ፣ ዓይን ዓይኑን እያየህ ተናገር። ደንበኛ ጋ ከመግባትህ በፊት እጅህን ወገብህ ላይ አድርገህ ሁለት ደቂቃ እንደ ጀግና ቁም፤ ሆርሞንህ ራሱ ይቀየራል። የቀረው ዕዳው ገብስ ነው።

ሞጋቹ፦

የሽያጭ ልጅ፣ ያቺ 7፣ 38፣ 55 የምትባል ነገር ስንቱን አሳስታለች መሰለህ። ምንጯ አልበርት ሜህራቢያን የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1967 ያወጣቸው ጥናቶች ናቸው። ተሳታፊዎቹ በተለያየ ቃና የተነገሩ ነጠላ ቃላት ሰሙ፣ የፊት ፎቶ አዩ፤ ከዚያ ተናጋሪው የወደደ ይመስላል ወይስ የጠላ ተብለው ተጠየቁ። ጉዳዩ ስሜትና ስሜት ብቻ ነው። ሰውየው ራሱ ቁጥሮቹ ለማንኛውም ንግግር እንደማይሠሩ ተናግሯል። እውነት ቃል 7 በመቶ ብቻ ቢሆን ኖሮ በማናውቀው ቋንቋ የሚወራውን ሁሉ 93 በመቶ በተረዳን ነበር።

የጀግና አቋቋሟም እንዲሁ ናት። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ወጣ። በ2015 ሌሎች ተመራማሪዎች ብዙ ሰው ይዘው ሲደግሙት የሆርሞኑን ለውጥ አላገኙትም። በ2016 ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ አጥኚዎች አንዷ የሆነችው ዳና ካርኒ ውጤቱን እንደማታምንበት በይፋ ጻፈች። ቀጥ ብሎ መቆም ክፋት የለውም፤ ቢያንስ ትንፋሽ አያፍንም። ደረቱን ነፍቶ የሚለው የጠፋበት ሰው ግን ያው የሚለው የጠፋበት ሰው ነው።

እንጨት ወዳጅ፣ ምን እንደምትል ጨነቅ በልበት። እዚያ ላይ ነው ያለው ነገሩ።

መርፌና ክር፦

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የሚያስቸኩለው እሱ ስለሆነ ከዋጋው ልጀምርልህ።

ዋጋህን ብቻውን አትወርውረው። መጀመሪያ ምን ምን እንደያዘ ተናገር፣ ቀጥሎ ቁጥሩን፣ ከዚያ አራት ነጥብ። «እንጨቱን፣ ቀለሙን፣ ቤትህ ድረስ ማድረሱንና መግጠሙን ጨምሮ ይህን ያህል ነው።» አለቀ። «ነው» ላይ ስትደርስ ድምፅህን አሳርፈው። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ድምፁን ወደ ላይ ያነሳዋል፤ ያኔ ዋጋው ጥያቄ ይመስላል። ደንበኛ ጥያቄ ከሰማ መልስ ይሰጣል፤ መልሱን ደግሞ ታውቀዋለህ፣ «ቀንስ» ነው።

ከዚያ አፍህን ዝጋ። የሚከብደው ይሄ ነው። እጅህ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። ሜትርህን ጠቅልል፣ ደብተርህ ላይ ልኩን ጻፍ። እኔ ጠረጴዛው ላይ የተበተኑትን ስፒሎች አንድ በአንድ እየለቀምኩ እሰካለሁ። ሰዎች ሥራዬ ላይ ያለሁ ነው የሚመስላቸው፤ እኔ ግን ምላሴን ነው የያዝኩት።

«ውድ ነው» ካለህም ወዲያው አትውረድ። «ከምን አንጻር?» በለው፤ ተቆጥተህ ሳይሆን ለማወቅ ፈልገህ። አንዱ ሌላ ቦታ የጠየቀውን ዋጋ ይነግርሃል። አንዱ ያለውን በጀት ይነግርሃል። አንዱ ደግሞ ነገሩ ልማዱ ነው፤ ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ሥራው ይመለሳል። ለሦስቱ አንድ ዓይነት መልስ የለም። በጀቱ ላነሰው ሰው ዋጋ አትቀንስለት፣ ሥራ ቀንስለት። «መሳቢያዎቹን ትተን በመደርደሪያ ብቻ ብናደርገው በዚያ ዋጋ ይሆናል» በለው። ያኔ ቁጥሩን ከሜዳ እንዳላመጣኸው ይገባዋል።

እንጨት ወዳጅ፦

መርፌና ክር፣ እጅሽ ይባረክ። «ነው» ላይ ማሳረፍ የሚለው ገብቶኛል። ዝምታው ግን! ሰውየው ዝም ካለ የተቀየመኝ ነው የሚመስለኝ። አንድ ሰከንድ አልችልም።

የሂሳብ ሰው፦

የተቀየመህ የመሰለህ ያለ ምክንያት አይደለም። ታንያ ስቲቨርስና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት 10 ቋንቋዎችን አወዳድረው ነበር። በተራ ጨዋታ ጥያቄ ከተጠየቀ በኋላ መልሱ እስኪመጣ ያለው ክፍተት በአማካይ 200 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ነው፤ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ማለት ነው። ጆሯችን በዚህ ፍጥነት ስለሠለጠነ ሁለት ሰከንድ ዝም ከተባለ አንድ ነገር የተበላሸ ይመስለናል።

ደንበኛው ግን በዚያች ሰዓት ስለ አንተ እያሰበ አይደለም። ደመወዙ መቼ እንደሚገባ፣ ባለቤቱ ምን እንደምትል፣ የድሮውን ቁም ሳጥን የት እንደሚያደርገው እያሰላ ነው። እኔ የሌሎችን ሂሳብ ስሠራ የምውል ሰው ነኝ፤ ሰው ሲደምር ፊቱ ይኮሳተራል። ተቀይሞ አይደለም። አንተ ስታቋርጠው ድምሩን ነው የምታጠፋበት።

ዝምተኛዋ፦

ስሜን ያያችሁ ታውቁኛላችሁ። የኅትመት ሥራ አለኝ፤ ሰው መሃል መናገር ግን ከጥንትም አልወድም፤ አሁንም አልወድም። ይህን የምጽፈው ንግድ ለማስተዋወቅ ጨዋታ አዋቂ መሆን ያስፈልጋል የሚለውን ስለማልቀበል ነው።

ስለ ፍርሃቱ ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ፍርሃትህ የሚመስልህን ያህል አይታይም። ኬኔት ሳቪትስኪና ቶማስ ጊሎቪች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት ሰዎችን ንግግር አስደረጉ። ተናጋሪዎቹ ድንጋጤያቸው ከፊታቸው የሚነበብ መስሏቸው ነበር፤ አድማጮቹ ግን የዚያን ያህል አላዩትም። የሚገርመው ቀጣዩ ነው። ይህንኑ እውነት አስቀድሞ የተነገራቸው ሰዎች የተሻለ ንግግር አደረጉ። ስለዚህ አሁን ስለነገርኩህ በነፃ ተጠቅመሃል።

ሁለተኛ፣ ልብህ ድው ድው ሲል «ተረጋጋ» እያልክ ከራስህ ጋር አትታገል። አሊሰን ዉድ ብሩክስ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣችው ሥራ አለ። ከንግግር በፊት «ተረጋግቻለሁ» ከሚሉት ይልቅ «ጓጉቻለሁ» የሚሉት የተሻለ ተናገሩ። ድንጋጤም ጉጉትም ልብ ያስመታሉ። ሰውነትህ ከተነሳ በኋላ ቁጭ በል ብትለው አይሰማህም፤ የተነሳበትን ምክንያት ብትቀይርለት ግን እሺ ይላል።

ትንፋሽን በተመለከተ፣ ለማስገባት ከወሰደብህ ጊዜ ረዘም አድርገህ አስወጣ። በር ከማንኳኳትህ በፊት ሁለት ሦስቴ ብታደርገው ይበቃል። ልብ በረጅም የውጪ ትንፋሽ ላይ ቀስ ትላለች።

የሽያጭ ልጅ፦

እሺ ሞጋቹ፣ ቁጥሮቼን ተቀማሁ። አንዲት ነገር ግን አልለቅም። «ሥራዬ ራሱ ይናገራል» የሚባል ነገር የለም። ሥራህ የሚናገረው ላየው ሰው ነው። ላላየውማ ማን ይንገረው?

ታፐርዌርን የማያውቅ የለም። አርል ታፐር ክዳኑ ጥብቅ ብሎ የሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ገበያ ላይ አዋለው። ዕቃው ምርጥ ነበር፤ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ግን አልሄደለትም። ክዳኑ እንዴት እንደሚዘጋ ለገዢው የሚያሳየው ሰው አልነበረም። ብራውኒ ዋይዝ የምትባል ሴት ግን ሰው ቤት ውስጥ እየሰበሰበች፣ እያሳየች፣ እያስነካች ትቸበችበው ነበር። ፈሳሽ የሞላበትን ዕቃ ክዳኑን ገጥማ ትወረውረዋለች፤ አይፈስም። ታፐር ይህንን ሲያይ የሽያጩን ነገር ለእሷ ሰጣትና በ1951 ዕቃውን ከሱቆች ጨርሶ አወጣው። በ1954 ቢዝነስ ዊክ መጽሔት ሽፋኑ ላይ ያወጣት የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ዕቃው ያው ዕቃ ነው፤ የተጨመረው የሚናገርለት ሰው ነው።

ሞጋቹ፦

ይህቺን ወድጃታለሁ። ልብ በል ግን፣ ሴትዮዋ «ጥራቱ ወደር የለውም» አይደለም ያለችው። ወረወረችው።

ድሮ አስተማሪ፦

ልጄ፣ ጉረኛ እባላለሁ ብለህ የምትፈራው ነገር ቀላል መለኪያ አለው። የተናገርከውን ደንበኛው እዚያው ሊያረጋግጠው የሚችል ከሆነ ጉራ አይደለም። «በዚህ ሥራ የሚደርስብኝ የለም» ጉራ ነው። «ይህን መሳቢያ እስከ መጨረሻው ጎትተው እስቲ» ጉራ አይደለም፤ ሰውየው እጁን ዘርግቶ ይጎትተዋል። መሳቢያው ሳይነቃነቅ ሳይወድቅ ሲቀር የመሰከረው እሱ ራሱ ነው፤ አንተ ምንም አላልክም።

ሌላው ችግርህ ብዙ ማወቅህ ነው። ኤልዛቤት ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1990 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬቷ የሠራችው ሙከራ አለ። አንዱ ሰው የታወቀ ዘፈን ምት ጠረጴዛ ላይ በጣቱ ይመታል፤ ሌላው ዘፈኑ የትኛው እንደሆነ ይገምታል። መቺዎቹ ግማሽ ያህሉን ያውቁልናል ብለው ነበር። ከ120 ዘፈን የታወቀው 3 ብቻ ነው። መቺው እየመታ ዜማው በጭንቅላቱ ይዘፈናል፤ ሰሚው የሚሰማው ኳ ኳ ብቻ ነው።

አንተም «ትንንሽ የእንጨት ሥራ» ስትል ያ ሁሉ የሠራኸው መደርደሪያ በዓይነ ሕሊናህ ይደረደራል። ሰሚህ ግን ኳ ኳ ነው የሰማው። እስቲ ራስህን የምታስተዋውቅበትን ሁለት ዓረፍተ ነገር እዚህ ጻፍልን።

እንጨት ወዳጅ፦

እሺ ጋሼ። ይኸው፦

«ጥራታቸውን የጠበቁና ዘመናዊ የቤትና የቢሮ ዕቃዎችን በተመጣጣኝ ዋጋ እናመርታለን። የደንበኞቻችን እርካታ የእኛ ኩራት ነው።»

መርፌና ክር፦

አይ ወንድሜ! ይሄ እኮ የታፔላ ጽሑፍ ነው። «ጥራቱን ያልጠበቀ፣ ኋላ ቀር ዕቃ በማይመጣጠን ዋጋ እናመርታለን» የሚል ሰው አይተህ ታውቃለህ? ተገልብጦ ማንም የማይለው ከሆነ ቀጥ ብሎም ምንም አላለም።

የሂሳብ ሰው፦

«እናመርታለን»ስ? ሁለት ሰው አይደላችሁ እንዴ? ሰው ፊት ለፊት ቆሞ «እኛ» የሚል አንድ ሰው እኔን ያስደነግጠኛል። «እሠራለሁ» በል።

ደግሞ ጥያቄ አለኝ። መጨረሻ የሠራኸው ለማን ነበር? ምን ቸግሮት መጣ?

እንጨት ወዳጅ፦

አንዲት እናት ናቸው። ቤታቸው ጠባብ ነው፤ ደረጃ ሥር ባዶ ቦታ አለች፣ ጣራዋ ሰያፍ የሆነች። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ቁም ሳጥን አይገባባትም። ልብስና ጫማ በካርቶን ነበር የሚያስቀምጡት። ልኩን ወስጄ በሰያፉ ልክ ሠራሁት፤ ከፊቱ በሮች፣ ታች ለጫማ የሚሳቡ መሳቢያዎች። ግድግዳው ራሱ ጠማማ ነበር። አሁን በግድግዳውና በሳጥኑ መካከል ወረቀት አይገባም። እሳቸውም «እስከ ዛሬ ይህ ቦታ የኔ መሆኑን አላውቅም ነበር» አሉኝ።

ዝምተኛዋ፦

ይኸው ተናገርክ እኮ። ከላይኛው ጽሑፍህ ጋር አስተያየው። እዚህ ላይ አንድም ጊዜ «ጥራት» አላልክም፤ እኔ ግን ደረጃዬ ሥር ያለው ካርቶን ትዝ አለኝ።

ድሮ አስተማሪ፦

እውነቷን ነው። አሁን አሳጥረው። ለምሳሌ፦ «ቤታቸው ለጠበበባቸው ሰዎች ቦታው ልክ የሚገባ ቁም ሳጥንና መደርደሪያ እሠራለሁ። ደረጃ ሥርም ይሁን ጠማማ ግድግዳ፣ ለክቼ ክፍተት ሳልተው ነው የምገጥመው።»

ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። ሰውየው ጠባብ ቤት ካለው ወዲያው ይጠይቅሃል። ከሌለው ያለውን ሰው ያውቃል። ጠረጴዛም እሠራለሁ፣ አልጋም እሠራለሁ እያልክ አትዘርዝር። ጠይቆህ ሲመጣ «አልጋም ትሠራለህ?» ይልሃል፤ ያኔ ትነግረዋለህ።

የሽያጭ ልጅ፦

እኔ እዚህ ላይ አልስማማም ጋሼ። አንድ ነገር ብቻ ከተናገረ ሌላውን ሥራ ያጣል። ሰው አንዴ «የቁም ሳጥን ልጅ» ካለህ ለጠረጴዛ ሌላ ጋ ይሄዳል።

ድሮ አስተማሪ፦

ሊሆን ይችላል። ግን ሰባት ነገር ዘርዝሮ አንዱም ሳይታወስ ከሚቀር፣ በአንዱ ታውቆ ስድስቱን በኋላ ቢያስተዋውቅ አይሻልም? የተናገርከው ችግር የሚመጣው ከታወቀ በኋላ ነው። እሱ ገና እዚያ አልደረሰም።

ሞጋቹ፦

ስለ ሽያጭ ጥናት ከተነሳ አይቀር፣ ኒል ራክሃምን ላንሳ። እሱና ባልደረቦቹ 12 ዓመት ወስደው ከ35,000 በላይ የሽያጭ ንግግሮችን አጥንተዋል። ያገኙት ነገር ለዝምተኞች የምሥራች ነው። ጥሩ ውጤት ባገኙት ንግግሮች ላይ ብዙ የተናገረው ገዢው ነበር፤ ሻጩ ይጠይቃል። በተለይ ትልልቅ ግዢ ላይ የዕቃውን ባሕርይ መዘርዘር ብዙ አልረዳም። «ዛሬ ካልወሰድክ ያመልጥሃል» ዓይነት ግፊት ደግሞ ለርካሽ ዕቃ ቢሠራም ዋጋው ከፍ ባለ ቁጥር ሻጩን ጎዳው።

ቁም ሳጥን ማሠራት ትልቅ ግዢ ነው። ስለዚህ ሰው ቤት ስትገባ መናገር አትጀምር። ጠይቅ። «አሁን ልብሱን የት ነው የምታስቀምጡት?» «ጠዋት ጠዋት ፈልጋችሁ የምታጡት ምንድን ነው?» «ልጆች ይደርሱበታል?» በመጨረሻ የነገሩህን በራሳቸው ቃል መልስላቸው፦ «እንግዲህ ጫማው መንገድ ላይ መቅረት የለበትም፣ የልጆቹ ታች መሆን አለበት፤ ልክ ነኝ?» ሰው ራሱ የተናገረውን ሲሰማ ይህ ሰው ገብቶታል ይላል። አንደበተ ርቱዕ ነው የሚባለው አንዳንዴ ሰሚው ነው።

እንጨት ወዳጅ፦

ይሄማ ይቀለኛል። መጠየቅ አልፈራም። የማላውቀውን ከጠየቁኝስ? ለምሳሌ ስለማላውቀው የእንጨት ዓይነት?

መርፌና ክር፦

«እሱን አልሠራሁበትም። ነገ አጣርቼ ከሰዓት በፊት እደውልልሃለሁ» በል። ከዚያ ደውል! «አላውቅም» ማለት አያዋርድም፤ ሰውን የሚያስኮርፈው «ይሆናል፣ ችግር የለም» ተብሎ ሳይሆን ሲቀር ነው። ቀንም ስትቀጥር እንደዚሁ። «ቶሎ ይደርሳል» አትበል። ቀኑን በስሙ ጥራው። ቀን ቆርጦ የሚናገር ሰው ሥራውን የሚያውቅ ይመስላል፤ ደግሞም ሥራውን የማያውቅ ሰው ቀን መቁረጥ ይከብደዋል።

ማለዳ፦

እኔ የጽዳት ሥራ አለኝ፤ ደንበኞቼ ከሞላ ጎደል በስልክ ነው የሚመጡት። ስልክ ላይ ፊትሽም እጅሽም አይታይም፤ ያለሽ ድምፅሽ ብቻ ነው። እና «አቤት» ብቻ ብለሽ አታንሺ፣ የሥራሽን ስምና ስምሽን ተናገሪ። ደዋዩ ትክክለኛ ቦታ መደወሉን በዚያው ያውቃል። ቁጥር፣ ቀንና አድራሻ ስትናገሪ ከወትሮው ዝግ በይ። ስትጨርሺ የተስማማችሁትን ደግመሽ ንገሪው፦ «ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ሁለት መኝታ ክፍልና መስኮቶች፣ ዕቃውን እኔ ነኝ የማመጣው።» ይህቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ጭቅጭቅ ታስቀራለች።

ማሽን እየጮኸ ግን ስልክ አታንሱ። እንጨት ወዳጅ፣ አንተን ነው። ማሽኑን አጥፋ ወይም በኋላ ደውል። እየጮህክ ያወራኸው ዋጋ ሁሉ ቁጣ ነው የሚመስለው።

ድሮ አስተማሪ፦

ልምምድን ማንም አላነሳውም። ስልክህ ላይ ድምፅህን ቅዳ። መጀመሪያ ትጠላዋለህ፤ ሁሉም ይጠላል። ስንናገር የራሳችንን ድምፅ በጆሯችን ብቻ ሳይሆን በራስ ቅላችን አጥንት በኩልም እንሰማዋለን፤ አጥንቱ ወፍራሙን ድምፅ ያጎላዋል። ቅጂው ላይ ያ የለም፤ ስለዚህ የቀጠነ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስልሃል። ሌላው ሰው ግን ሁሌም የሚሰማው እሱኑ ነው፤ ማንም አልተጨነቀበትም።

ቅጂውን ስትሰማ የድምፅህን ማማር ተወው። ሁለት ነገር ብቻ አዳምጥ። የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይሰማል ወይስ ተውጧል? አማርኛ ላይ ይሄ ከባድ ነገር ነው፤ ግሳችን መጨረሻ ላይ ነው ያለው። «እሠራለሁ» እና «አልሠራም» የሚለዩት እዚያ ጫፍ ላይ ነው። ትንፋሽህ ጫፍ ላይ ካለቀ ሰውየው ዋናውን አልሰማም። ሁለተኛው «ያው»፣ «ምናምን»፣ «እንትን»፣ «ማለት ነው» ስንት ጊዜ እንደምትል ነው። ቶስትማስተርስ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1924 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተጀመረው የንግግር መለማመጃ ክበብ፣ በየስብሰባው እነዚህን ብቻ የሚቆጥር ሰው ይመድባል። ቁጥሩ ሲነገራቸው ነው ሰዎቹ የሚገረሙት። ጨርሰህ አታጠፋቸውም፤ ማጥፋትም አያስፈልግም። «ምናምን» ግን ከሥራህ ስም አጠገብ እንዳይቆም።

እንጨት ወዳጅ፦

ጋሼ፣ አሁን ቀድቼ ሰማሁት። ጉድ ነው። «ምናምን» ለካ የሥራዬ ስም ሆኖ ኖሯል።

ጀማሪዋ፦

ይቅርታ፣ ጥያቄዬ ከዚህ ጋር ስለሚሄድ ነው የምገባባችሁ። የቆዳ ቦርሳ እሠራለሁ። አነስተኛ ነጋዴዎች በሚገናኙበት ስብሰባ ላይ ተነስቼ ሁለት ደቂቃ እንድናገር ተሰጥቶኛል። ጽፌ በቃሌ ላጥና ወይስ ስላይድ ላዘጋጅ? እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ወረቀት ከያዝኩ ደግሞ ወረቀቱ ያጋልጠኛል።

የሽያጭ ልጅ፦

እህቴ፣ በቃልሽ አጥኚው። ሁለት ደቂቃ እኮ ነው።

ዝምተኛዋ፦

ሁሉንም በቃልሽ አታጥኚ እህቴ። በቃል የተጠና ንግግር አንድ ቃል ከጠፋ ሁሉም ይጠፋል። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገርና የመጨረሻውን ብቻ አጥኚ። መሃሉን ነገሩን እወቂው እንጂ ቃሉን አትያዢው። ድንጋጤ የሚበረታው መጀመሪያ ላይ ነው፤ የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር በቃልሽ ካለች አፍሽ ራሱ ይወስድሻል።

ስላይድ ተይው። ቦርሳውን ይዘሽ ተነሺ። ሁለት ጥቅም አለው። የሚንቀጠቀጥ እጅ ክብደት ሲይዝ ይረጋል፤ ሰዉም አንቺን ትቶ ቦርሳውን ያያል። ከዚያ አንድ ነገር አሳዪ። ማሰሪያው የሚበጠሰው የት እንደሆነና አንቺ እዚያ ቦታ ላይ እንዴት እንደምትሰፊው ለምሳሌ። ሌላውን ሁሉ እርሺው።

የሽያጭ ልጅ፦

የቦርሳው ይሻላል፣ አምኛለሁ። መጨረሻ ላይ ግን «አመሰግናለሁ» ብለሽ ዝም ብለሽ እንዳትቀመጪ። አንድ ነገር ጠይቂያቸው። «ለሠራተኞቹ ቦርሳ የሚያሠራ ድርጅት የምታውቁ ካላችሁ፣ ስትወጡ በሩ አጠገብ ነኝ» በዪ። ሰው ሊረዳሽ እየፈለገ ምን እንደምትፈልጊ ስላላወቀ ነው ዝም የሚለው።

ጀማሪዋ፦

በሩ አጠገብ የሚለው ጥሩ ነው፤ ሰው መሃል እየዞርኩ ራሴን ከማስተዋውቅ ይሻለኛል። ሁለት ደቂቃ ስንት ቃል ያህል ይሆናል ግን?

ድሮ አስተማሪ፦

ቃል አትቁጠሪ ልጄ፣ አማርኛ ላይ አንዱ ቃል ሦስት ቃል ያህል ይረዝማል። ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ፣ ቆመሽ፣ ቦርሳውን ይዘሽ በሰዓት ለኪው። በልብሽ ስታነቢው ሁሌም አጭር ነው። ቤት ውስጥ አንድ ደቂቃ ተኩል ከሆነ ይበቃል፤ እዚያ ቦርሳውን ስታሳዪና ሰው ሲስቅ ቀሪው ይሞላል። ማይክ ካለ ደግሞ ሰው ሳይገባ ደርሰሽ ሞክሪው።